ማድ ቤቱ ያኮራል፣ መንገዱ ያስመርራል፦ መናገሻ አጠገብ ያለው የኪራይ ቤት በነሐሴ ዝናብ

በአምቦ መንገድ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ ወጡን በራሱ እጅ እየሠራ ከወዳጆቹ ጋር አንድ ሁለት ሌሊት ማደር ለሚፈልግ ሰው ይህን ቤት ሳላመነታ እመክራለሁ። የምመክረው ፀሐይ በወጣበት ቀን ስላየሁት አይደለም። በጥር ወር ሣር ላይ ሰሌን አንጥፎ ለሚቀመጥ ሰው የትኛውም ቤት ደግ ነው። እኛ የገባንበት ነሐሴ ነበር። ሙሉ ቀን ዘንቧል፣ መብራት ጠፍቷል፣ በረዶ ወርዷል፤ እኛም ከግቢው ሳንወጣ ለስምንት ሰው አብስለን በልተናል። የኪራይ ቤት መመዘን ያለበት እንዲህ ባለ ቀን ነው፤ በዚያ ሚዛን ይህኛው አብዛኛውን አልፏል። ያላለፈባቸውም ነገሮች አሉ፤ አንደኛው የሰው ሕይወት የሚነካ ስለሆነ ሳልሸፋፍን እጽፈዋለሁ።

ቤቱ በሩ ላይ ሰሌዳ የለውም፤ ስምም አልወጣለትም። የሚገኘው ሰው ለሰው በመጠቋቆም ነው፤ ለእኛ የጠቆመችን የትምህርት ቤታችን ገንዘብ ያዥ ናት። ከአስኮ ተነስቶ፣ ቡራዩንና ለአዲስ አበባ ውሃ የሚሰጠውን የገፈርሳን ግድብ አልፎ መናገሻ ከተማ ሲደረስ፣ በስተግራ ወደ ወጨጫ ተራራ የሚታጠፍ የአፈር መንገድ አለ። ቤቱ ያለው በዚያ ላይ ነው። ከፍታው ከ2500 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርድ ለለመደ የአዲስ አበባ ሰው እንኳ ይከብዳል። ደመናው ሲገለጥ 3385 ሜትር የሚደርሰው የወጨጫ ጫፍ ከበረንዳው ይታያል፤ እኛ ባደርንበት ጊዜ የተገለጠው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ነን። ክረምቱ ዕረፍታችን ስለሆነ በሆለታና በአዲስ ዓለም አምቦ ደርሰን፣ ወንጪን አይተን፣ በወሊሶና በሰበታ ዞረን ልንመለስ ነበር የተነሳነው። ሆቴል ላለመግባት ተስማምተናል። አንደኛ ወጪው አይቻልም፤ ሁለተኛ ደግሞ ፍልሰታ ገብቷል። ከስምንታችን አምስታችን ጿሚዎች ነን፣ ሁለቱ ሙስሊሞች፣ አንዷ ፕሮቴስታንት ናት። በየምግብ ቤቱ ለየብቻ ከምናዝዝ፣ የጾም ምግብ ራሳችን ሠርተን ከአንድ ትሪ ብንበላ ይሻላል አልን። ሥጋ ቢኖር ድስቱም ቢላዋውም ሊለይ ነበር፤ ሽሮና ምስር ግን ማንንም ከማንም አይለይም። በዚህ ጉዞ ደስ ካሰኙኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

በዕቅዳችን መሠረት አንድ ቀን በወጨጫ ግርጌ ያለውን የሱባን ደን በእግር ልንጎበኝ ነበር። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት የሚነገርለት ደን ነው። ጽዱን፣ ዝግባውን፣ ኮሶውንና ጉሬዛውን እንደ ተማሪዎቼ ላያቸው ጓጉቼ ነበር። ዝናቡ አልፈቀደም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ደኑ ሳይሆን፣ ደኑን ማየት ያልቻለ ሰው ስለዋለበት ቤት ነው።

መንገዱን አስቀድሜ ልናገር፤ እንግዳ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። የቤቱ ባለቤት በስልክ «ማንኛውም መኪና በሩ ድረስ ይገባል» ብለውናል። በበጋ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከአስፋልቱ እስከ በሩ ያለው መሬት ዋልካ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጎማ ይይዛል፣ ጫማ ከእግር ያወልቃል። ሚኒባሱ ግማሽ መንገድ ላይ ተሰነቀረ፤ ቪትዟ ጭራሽ ከአስፋልቱ አልወረደችም። ሽንኩርቱን፣ የሊጡን ባልዲ፣ ብርድ ልብሱንና ጀሪካኑን ተሸክመን በዝናብ ገባን። የመንደሩ ወጣቶች ድንጋይ አምጥተው ከጎማው ሥር ባይደለድሉልን ኖሮ ሚኒባሱ እዚያው ያድር ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው። ባለቤቱ ከኪራዩ ጥቂት ቆጥበው ሁለት ሦስት ገልባጭ መኪና ገረጋንቲ ቢያስፈስሱበት ችግሩ ይቃለላል። ያ እስኪሆን ድረስ ለደዋይ ሁሉ እውነቱን መናገር ይገባል፤ በክረምት ለሚመጣ እንግዳ መኪናውን የት እንደሚያቆምና ቦት ጫማ እንደሚያስፈልገው መንገር ኪራይ አያሳጣም።

አሁን ወደ ማድ ቤቱ። በጉዞ ላይ ድስቱን የምይዘው ብዙ ጊዜ እኔ ስለሆንኩ፣ ወደ ማንኛውም ቤት ስገባ አልጋ ከማየቴ በፊት የማየው ማድ ቤቱን ነው። ይህኛው ከዋናው ቤት ተለይቶ በጓሮ በኩል የተሠራ ነው፤ ያ በአገራችን የተለመደ ነው። ያልተለመደው በሁለቱ መካከል ያለው መተላለፊያ ነው። በቆርቆሮ ተከድኗል፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ሁለት ሰው ድስት ይዞ ሊተላለፍበት ይችላል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ዝናብ በሚወርድበት ቀን ግን ለስምንት ሰው የሚበቃ የሽሮ ድስት ይዞ ጭቃ መሻገር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ያንን መተላለፊያ ያሠራውን ይመርቃል። ባለቤቱን በመንገዱ ወቅሻቸዋለሁ፤ በዚህ ግን ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ምግብ ያበሰለ ሰው ምክር ሰጥቷቸው መሆን አለበት።

ከውስጥ አንድ ባለ ሁለት ምድጃ ቡታጋዝ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በግድግዳው ጥግ የተተከለ ምርጥ ምድጃ አለ። የማያውቁት ካሉ፣ ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል ድንጋይ ድብልቅ በቅርጽ እየተሠራ፣ በቁርጥራጭ የሚገጣጠም የእንጀራ ምድጃ ነው። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው ሙቀቱ በየአቅጣጫው አይባክንም። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከኋላው ጭሱና ትኩስ አየሩ በሚወጣበት በኩል ድስት ማስቀመጫ አለው፤ እንጀራው እየተጋገረ ጎን ለጎን ውሃ ይሞቃል።

የዋጋው እውነተኛ ማረጋገጫ እሱ ነበር። ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን መብራት ጠፋ። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጌጥ ሆነ። ለመጀመሪያው ቀን የገዛነው እንጀራ አልቋል፤ የያዝነው የታሪክ መምህርታችን ከቤቷ ያመጣችው የጤፍ ሊጥ ነው። እሷ እንጀራ ከመግዛት መጋገር የምትወድ ሰው ናት። በዋዜማው ማታ አብሲቱን ጥላ ነበር፤ ብርዱ ግን ሊጡን አዘገየው። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ሲበርደው ሥራው ይቀዘቅዛል። ባልዲውን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ምርጥ ምድጃው ገና ሲነድ ከጎኑ አስቀመጥነው። ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ኩፍ ብሎ ክዳኑን ገፋው።

ምጣዱ የሸክላ ነው፣ በደንብ የተሟሸ፣ ስንጥቅ የሌለው። ማሰሻውም በቦታው ነበር፤ የጎመን ዘሩ ተወቅጦ በትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ያሰናዳ ቤት እንግዳውን የሚያውቅ ቤት ነው። አክንባሎው ትንሽ ጠርዙ ላይ ተሸርፏል እንጂ ይገጥማል። የመጀመሪያዋ እንጀራ ለምጣዱ ሙቀት መለኪያ ሆነች፤ ሦስተኛዋ ላይ ዓይኗ ጥርት ብሎ ወጣ። የታሪክ መምህርታችን ስታሰፋ፣ እኔ ማገዶ ስነካካ፣ የስፖርት መምህራችን በሰፌድ እያወጣ ሲደረድር፣ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ማንም ወደ ውስጥ ግቡ ቢለን የምንሰማ አልነበርንም።

ማገዶውን በተመለከተ ምስጋናው ለቤቱ ጠባቂ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም አባባ ስንላቸው ዋልን። የባሕር ዛፉን ግንድ በግንቦት ፈልጠው፣ ዝናብ በማይነካው በማድ ቤቱ የጣራ ክፈፍ ሥር ደርድረውታል። ለማቀጣጠያ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል በከረጢት አስቀምጠዋል። እርጥብ እንጨት እሳቱ የሚያመነጨውን ሙቀት መጀመሪያ የራሱን ውሃ ለማትነን ስለሚጨርሰው ምጣዱ ዘንድ የሚደርሰው ጭስ ነው፤ ዓይንን ያነዳል፣ እንጀራውንም ያጠቁራል። የእኛ እሳት ግን ከመጀመሪያው ቅጠል ያዘ። ነገር ግን ማገዶ ለብቻው እንደሚከፈልበት ባለቤቱ በስልክ አልነገሩንም። ስንወጣ ነው አባባ እያፈሩ የነገሩን፤ ገንዘቡ ብዙ አይደለም፣ የፈለጡትም እሳቸው ናቸውና በደስታ ከፍለናል። ቢሆንም አስቀድመው ሊነግሩን የሚገባቸው ባለቤቱ ናቸው፤ ሽማግሌውን እንግዳ ፊት ማሳፈር አይገባም።

ውሃው ሌላው የወደድኩት ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፤ ሮቶው ግን ከፍ ያለ ማማ ላይ ስለተቀመጠ ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከዚያም ሌላ የጣራው አሸንዳ ውሃውን ወደ ሁለት በርሜሎች ያወርዳል። ሳህን የምናጥበው፣ ድንች የምናጥበው፣ የጭቃ ጫማ የምናጥበው ሁሉ ከበርሜሉ ነበር፤ ለመጠጥና ለወጥ ብቻ የሮቶውን ተጠቀምን። በርሜሉ ቀኑን ሙሉ ሳይጎድል ዋለ።

ጉድለቶቹን ደግሞ ልናገር። ቢላዎቹ በሙሉ ደነዝ ናቸው፤ ሽንኩርት አይቆርጡም፣ ይጨፈልቃሉ። መክተፊያው አንድ ብቻ ነው፤ ለስምንት ሰው የሚበቃ ሽንኩርት በአንድ መክተፊያ መክተፍ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ትልልቅ ድስቶች ሦስት አሉ፣ ግን ከሦስቱ ክዳን ያለው አንዱ ነው። ሙቀጫና ዘነዘናው ጥሩ ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን እዚያው ወቅጠናል። ጀበናው ሁለት፣ ስኒው ከበቂ በላይ ነው። በማድ ቤቱ ውስጥ ከአንድ በላይ የመብራት ሶኬት የለም፤ ማታ መብራት ሲመጣ ስልክ የሚሞላውና ውሃ የሚያፈላው ይሻማሉ።

ስለ ክዳኑ አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ለጿሚዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ የሚቀርብ ንፍሮ አስበን ነበር፤ ስንዴና ባቄላ ማታውን ዘፍዝፈን አደርን። ኬሚስትሪ ስለማስተምር ይህን ሳልናገር አላልፍም፤ ውሃ በባሕር ወለል ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ እዚያ ከፍታ ላይ 91 ዲግሪ ግድም ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ እሳቱን ቢያባብሱት ውሃው ይተናል እንጂ አይግልም። ስለዚህ ባቄላና ስንዴ ከቆላ ይልቅ በደጋ ብዙ ሰዓት ይፈልጋሉ። መፍትሔው ማገዶ መጨመር ሳይሆን አስቀድሞ መዘፍዘፍ፣ ቀደም ብሎ መጣድና ድስቱን መክደን ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጥደን፣ ክዳን ያለውን ድስት ለንፍሮው ሰጥተን፣ የሽሮውን ድስት በትሪ ከደንነው። ወደዚያ ለምትሄዱ፣ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ካላችሁ ያዙት፤ ጊዜም ጋዝም ያተርፋል።

ድንቹን የገዛነው በመንገድ ዳር በዘንቢል ከሚሸጡ ሴቶች ነው። በዚያ አካባቢ ድንች መግዛት ያስደስተኛል፤ ጃሌኔ፣ ጉደኔና በለጠ የሚባሉት የድንች ዝርያዎች የወጡት እዚያው አጠገብ ካለው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። የገዛነው የትኛው እንደሆነ ሻጯ አልነገረችንም፤ ግን ሳይፈራርስ በሰለ፤ ከጎመኑና ከካሮቱ ጋር አልጫ ሠራንበት። እሸት በቆሎም ነበረን፤ ጾም ያልያዙት ሦስቱ ባልደረቦቻችን በላቀች ምድጃው ላይ ጠብሰው ረፋዱን አሳለፉ። በማድ ቤቱ አንዱ በኩል እነሱ እየበሉ፣ በሌላው በኩል እኛ እያበሰልን፣ ማንም ማንንም አላስቸገረም፤ ስፋቱ ይበቃል። ሙስሊሟ የባዮሎጂ መምህርታችን ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ ምሳዋን አቆየችልን፤ አብሬ እበላለሁ ብላ ነው። ይህን እዚህ መጻፌ ስለ ቤቱ ላይመስል ይችላል፤ ግን ሰዎች አንድ ላይ የሚያበስሉበት ቦታ ሲመቻቸው የሚሆነው ይህ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ በረዶው መጣ። በማድ ቤቱ ኮርኒስ ስለሌለ ድምፁ ጆሮ ይደፍናል፤ ጨው ስጪኝ ለማለት እጅ ማውለብለብ ያስፈልጋል። ዋናው ቤት ግን በኮርኒስ የተሸፈነ ስለሆነ እዚያ ገብቶ መነጋገር ይቻላል። ጣራው አንድም ቦታ አላፈሰሰም። ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው በየክፍሉ እየዞርኩ፣ ጥግ ጥጉን በእጄ እየነካሁ ስላየሁት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮው፣ ምስሩ፣ አልጫው፣ ጎመኑና ንፍሮው ወጣ። እንጀራው ትኩስ ነው። ስለ ምግቡ የራሴን እጅ አላሞግስም፤ የታሪክ መምህርታችን እንጀራ ግን በዚያ እሳት የተጋገረ ሆኖ ከከተማው ኤሌክትሪክ ምጣድ የሚለይበት የጭስ ጣዕም ነበረው፤ በየቀኑ ባገኘው ደስ ይለኛል።

ሳሎኑ የድንጋይ ማሞቂያ ምድጃ አለው፤ የጭስ መውጫው ከጣራው በላይ ከፍ ብሎ ስለወጣ ጭሱን በደንብ ይስባል። ብዙ ቤት እንዲህ ያለ ምድጃ ለመልክ ያሠሩና ሲያነዱት ቤቱ በጭስ ይሞላል። የዚህኛው አናጢ ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ ወይም ግንበኛው ልበል። ቡናውን የጠጣነው በዙሪያው ተቀምጠን ነው፤ ቡናው ሲቆላ፣ ዕጣኑ ሲጨስ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ ድረስ ከመካከላችን ስልኩን የነካ ሰው አላየሁም።

አሁን ሕይወት የሚነካ ወዳልሁት ልምጣ። በየመኝታ ክፍሉ ጥግ አንድ አንድ ትንሽ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ ያስቀመጡት ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን አባባ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለው፣ ጭሱ እስኪጠፋ አቆይተው፣ ፍሙ ሲቀላ ይዘውልን መጡ። «ልጆቼ፣ ሌሊቱ ይከብዳል። ይህን አስገቡና በሩን ዝጉ፤ ጭሱ ወጥቶለታል» አሉን። ደግ ሰው ናቸው፤ ያሉትም አገር ሁሉ የሚያምነውን ነው። ግን እውነት አይደለም። የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም። ከሰል አየር ባጠረበት ቦታ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋም መውጣቱን አያቆምም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው የሚሰማው ራስ ምታት፣ ድካምና እንቅልፍ ነው፤ ተኝቶ ከሆነ ደግሞ ምንም ሳይሰማው አይነቃም። በአገራችን በየክረምቱ ቤተሰብ ሙሉ በዚህ መንገድ ያልፋል፤ በመንደራችሁ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም።

«አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ይህ ከቤት ውጭ ይደር» አልኳቸው። ለምን እንደሆነ በረንዳው ላይ ቆመን በእርጋታ አስረዳኋቸው፤ አብሯቸው የነበረው የልጅ ልጃቸው በኦሮምኛ አፍታትቶ ደገመላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ በልጅነታቸው ጎረቤታቸው የነበሩ አንድ አባወራ ከነሚስታቸው እንዲሁ ሳይነቁ መቅረታቸውን፣ ሰውም «ጋኔን ነው» ብሎ እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ምድጃዎቹን ከየክፍሉ ራሳቸው አወጡ። ለእሳቸው ያለኝ አክብሮት በዚያች ሰዓት ጨመረ። ባለቤቱ ግን ከዚህ በኋላ አላወቅሁም ሊሉ አይገባም፤ በስልክ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ እንደሚያስወግዷቸውም ቃል ገብተውልኛል። ወደዚያ ቤት ስትሄዱ ምድጃ በመኝታ ክፍል ካያችሁ አውጡት፤ ባለቤቱንም ጠይቋቸው። ብርዱን የሚያሸንፈው ተጨማሪ ብርድ ልብስና በላስቲክ ጠርሙስ ሳይሆን ውሃ በማያፈስ የጎማ ከረጢት የተሞላ ሙቅ ውሃ ነው። በምርጥ ምድጃው የኋላ ድስት የሞቀው ውሃ ለስምንታችንም በቅቷል።

አልጋዎቹ ንጹሕ ናቸው፤ ብርድ ልብሶቹ ግን እርጥበት እርጥበት ይሸታሉ። በክረምት ይህ ብዙም አይገርምም፤ ቢሆንም ፀሐይ በወጣ ቁጥር ደጅ ቢሰጡ ይሻላል። መታጠቢያው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ስለሆነ መብራት ከጠፋ ቀዝቃዛ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ሁለት ነው፤ ለስምንት ሰው ይበቃል።

ዋጋው ለአንድ ሌሊት ሙሉ ቤቱ 8,000 ብር ነው፤ ግማሹ ቀብድ በቴሌብር ይላካል፣ ቀሪው ሲገባ ይከፈላል። ለስምንት ሲካፈል ለአንድ ሰው 1,000 ብር ነው። መምህር ለሆነ ሰው ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ግን ምግቡን ራሳችን ስለሠራን የቀኑ ወጪ በሙሉ ከተማ ውስጥ ምሳና እራት ከምንበላበት ያነሰ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ሆናችሁ ከሆነ አልመክርም፤ ከስድስት በላይ ስትሆኑ ነው የሚያዋጣው። በጫጫታና በሙዚቃ ማምሸት ለሚፈልግም ቦታው አይደለም፤ አባባና ቤተሰባቸው እዚያው ግቢ ውስጥ በጊዜ ይተኛሉ።

በማግስቱ ዝናቡ ስላባራ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነስተን ወደ አምቦ አቀናን። እናንተም ወንጪን ለማየት ካሰባችሁ ከዚህ ቤት በጠዋት ውጡ፤ ከአምቦ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ ዳገት ነው፣ የእሳተ ገሞራው አፋፍ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ጉም ይወርድበታል፣ ሐይቁንም ይሸፍነዋል። መመለሻውን በወሊሶ፣ በቱሉ ቦሎና በሰበታ ብታደርጉ ያንኑ መንገድ አትደግሙም።

ለመከራየት ስትደውሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መንገዱ ገረጋንቲ ፈሶበታል ወይ፣ ማገዶው በኪራዩ ውስጥ ነው ወይ፣ የመኝታ ክፍሉ ምድጃዎች ወጥተዋል ወይ። ስለታም ቢላዋና መክተፊያ ከቤታችሁ ያዙ። ከጾም ውጭ ከሆነ ደግሞ የአባባ ባለቤት እንቁላልና አይብ ይሸጣሉ፤ ላሞቻቸውን የሚያልቡት ማለዳ ስለሆነ አይብ የሚፈልግ ሰው በዋዜማው ቢነግራቸው ይሻላል።